በከበሮውና በመሪው መካከል

ከጨረቃው አዲስ ዓመት በዓል ወዲህ ጀልባ ቀዛፊዋ ሱት ዪንግ ተሳፋሪዎቿን በወንዙ ላይ ወደ ሃ ዋይ መንደር ስታሻግር ዓይኗን ከውሃው ላይ አታነሳም ነበር። ቀና ካለች የቾይ ቤተሰብ ደጅ ይታያታል። ደጁ ከታያት ደግሞ ያ የተቋረጠ ነገር ሁሉ ይመለስባታል።

የቾዮች ልጅ ቲን ሎክ በበዓሉ ማግስት እሷን ለማግባት አባቱን ሊያስፈቅድ ገብቶ ነበር። አባቱ ቾይ ቢንግ ፋይ ራሷ በዘንዶ አምሳል የተቀረጸችው የመንደሩ የውድድር ጀልባ አለቃ ናቸው፤ መልሳቸውም አጭር ነበር። ከውሃ ሰዎች የተወለደች ሙሽራ በዚህ ደጃፍ አትገባም አሉ። እውነት ነው፤ የሱት ዪንግ ወገኖች ሎዎች ከቅድመ አያት ጀምሮ ጀልባ ላይ ተወልደው፣ ጀልባ ላይ ተድረው፣ ጀልባ ላይ የሚያረጁ ሰዎች ናቸው። ቾዮች ግን መሬት አላቸው፣ ሊቺ የሚባል የፍራፍሬ ዛፍ አላቸው፣ የአባቶች መታሰቢያ አዳራሽ አላቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሱት ዪንግና ቲን ሎክ ይህን ሁሉ እያወቁ እንዳላወቁ ሆነው ተዋደዱ። በመጨረሻ ቲን ሎክ ወደ ከተማ ፋብሪካው ሲመለስ «ታገሺኝ» የምትል አንዲት መልእክት በስልኳ ላይ ጣለላት። ከዚያ በኋላ ዝም አለ።

ዝምታ ለወደደ ሰው ክፉ አስተርጓሚ ነው። ሱት ዪንግ መጀመሪያ ታሟል ብላ ተረጎመችው፤ ቀጥላ ፈርቷል አለች፤ በኋላ ግን ረስቶኛል ብላ ትርጉሙን ዘጋችው።

እንጨቷ እንዳይሰነጠቅ ዓመቱን በወንዙ ጭቃ ተቀብራ የከረመችው የዘንዶ ጀልባ ቀኗ ደርሶ በምትወጣበት ዕለት ግን የተዘጋው ትርጉም ተከፈተ። ወንዶቹ እስከ ወገባቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው እያዜሙ ይጎትቷታል። ሱት ዪንግ በአጠገባቸው ስታልፍ ከመካከላቸው አንዱ ቀና አለ። ፊቱን ጭቃ ስለሸፈነው ከዓይኑ በቀር ምኑም አይታይም፤ ለእሷ ግን ዓይኑ በቂ ነበር። ቲን ሎክ ተመልሷል። እንደዚያ የሚያይ ሰው ደግሞ የረሳ ሰው አይደለም። እጇ መቅዘፊያውን ረስቶት ጀልባዋ ዞረች፤ ተሳፋሪዎቹ አጉረመረሙ። እሷ ግን ምን እንዳሉ አልሰማችም።

በማግስቱ ወሬውን ሁሉ ይዛ ጀልባዋ ላይ የተሳፈረችው አክስት ሙይ ናት። አክስት ሙይ የቢንግ ፋይ እህት ናት፤ ገበያ ላይ ቶፉ፣ የአኩሪ አተር አይብ፣ ትሸጣለች፤ ወንድሟን የማትፈራ የመንደሩ ብቸኛ ሰውም እሷው ናት። ወረዳው ለዘንድሮው የመንደሮች ውድድር አዲስ ደንብ እንዳወጣ፣ ደንቡም በዚያው ጠዋት በአዳራሹ ስብሰባ ላይ እንደተነበበ እየሳቀች ታወራ ጀመር። አንዲት ጀልባ ሃያ ቀዛፊ፣ አንድ ከበሮ መቺና አንድ መሪ ትይዛለች። ከሃያዎቹ ቢያንስ ስምንቱ ሴቶች መሆን አለባቸው። ሁሉም ልብሱን እንደለበሰ ሃምሳ ሜትር ዋኝቶ ለዳኛ ያሳያል፤ በውድድሩ ቀን ደግሞ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ሳይለብስ ማንም አይገባም። መሪው ጀልባዋን ቀጥ አድርጎ መንዳት፣ ማዞርና ማቆም መቻሉን ይፈተናል። የስም ዝርዝሩ አንዴ ከገባ፣ ከተጠባባቂዎች በቀር ሰው መቀየር የለም።

«ሴት ከነካችው ዘንዶው ይቆጣል ሲሉን ኖሩ» አለች አክስት ሙይ። «ዛሬ ወጣቱ ሁሉ ከተማ ገብቶ ወንድ ሲጎድላቸው ኑ ቅዘፉ አሉን። ዘንዶው መቼ እንደታረቀን እንጃ እንግዲህ።»

ትልቁ ችግር ግን የመሪው ነበር። ለዘመናት ጀልባዋን የመሩት አዛውንቱ ፉክ ዓይናቸውን ቀዶ ጥገና ተደርገው ሐኪም ውሃ አትንኩ ብሏቸዋል። ጉልበት ያለው ሰው አልጠፋም፤ ከኋላ ቆሞ በረጅም መቅዘፊያ ጀልባ መምራት የለመደ ግን በመንደሩ የለም። አክስት ሙይ ይህን እያለች ከጀልባው ጀርባ ቆማ የምትቀዝፈውን ሱት ዪንግን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«የአዳራሹ ደንብ ባይኖር ሰውዬው እዚሁ ፊቴ ቆሟል» አለች። የአዳራሹን ደንብ ሁሉም ያውቀዋል፤ የቾይ ልጅ ወይም የቾይ ሚስት ያልሆነ ሰው ዘንዶዋ ላይ አይወጣም። ሱት ዪንግ ፈገግ ብላ መቅዘፏን ቀጠለች። የአክስት ሙይ ቀልድ ግን ቀኑን ሙሉ እንደ እሾህ ሰውነቷ ውስጥ ቆየ።

ቲን ሎክ የመጣው በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ነው። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ከተሳፋሪዎቹ ጋር ገባ፤ ከፊት ለፊቷ ተቀመጠ፤ ማዶ ሲደርሱ ሰዉ ሁሉ ሲወርድ እሱ ቀረ። ፊቱ ይስቃል።

«አባቴ እሺ አለ» አላት፤ ሰላም እንኳ ሳይላት። «ሱት ዪንግ፣ እሺ አለ። እንጋባ። ከፈለግሽ በዚሁ ሳምንት።»

ይህን ቃል ስንት ጊዜ በሕልሟ ሰምታዋለች። እጇን ልትዘረጋለት ጥቂት ቀራት። የዘረጋችው ግን ጥያቄ ነው።

«መቼ ነው እሺ ያሉት?»

«ትናንት። ከስብሰባው መልስ…»

ቃሉን ሳይጨርስ ገባው። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ሱት ዪንግ መቅዘፊያዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆመች።

«ከስብሰባው በፊት በደጃችሁ የማላልፍ ነበርኩ። ከስብሰባው በኋላ ሙሽራ ሆንኩ። ቲን ሎክ፣ አባትህ የፈለጉት እኔን ነው ወይስ ክንዴን?»

«እኔ የፈለግኩት አንቺን ነው።»

«ወራት ሙሉ ዝም ስትል ነበር የምትፈልገኝ?»

ሊመልስላት አፉን ከፈተ፤ እንደገና ዘጋው። ያ መዘጋቱ ከሁሉ በላይ አቆሰላት።

«ውረድ» አለችው ቀስ ብላ። «የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ።»

በማዶው ማንም አልነበረም። ሁለቱም ያውቁታል። ወርዶ ሄደ፤ እሷም ባዶ ጀልባ እየቀዘፈች ተመለሰች፤ ያን ቀን የወንዙ ስፋት ባሕር ሆኖባት ዋለ።

አባቷ ሎ ካን ነገሩን ሲሰሙ መረባቸውን እየጠገኑ ነበር። ሎ ካን ቃል የሚያባክኑ ሰው አይደሉም።

«ልጁን ከጠላሽው መልካም» አሉ። «ካልጠላሽው ግን በአባቱ ጥፋት አትጥይው። ብቻ በችግር ቀን በተከፈተ በር አትግቢ፤ ችግሩ ሲያልፍ የሚዘጋብሽ አይጠፋም።»

ሱት ዪንግ አልጠላሁትም ማለት አቃታት። እንባዋ ግን ስለ እሷ መለሰ፤ አባቷም እንዳላየ ሰው ወደ መረባቸው አቀረቀሩ።

አክስት ሙይ ዳግመኛ የመጣችው እየሮጠች ነው፤ የቶፉ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም። ጀልባዋ ላይ ቁጭ ብላ ትንፋሿ እስኪመለስ ድረስ በእጇ «ቆይ፣ ቆይ» እያለች ቆየች፤ ከዚያ በዚያን ጠዋት በአዳራሹ የሆነውን ዘረገፈችው።

ዝምታውን በቅድሚያ ነገረቻት። በአዲስ ዓመት ጊዜ ቢንግ ፋይ ልጃቸውን አንድ ነገር አስምለውት ነበር፤ እስከ ዘንዶዋ በዓል ድረስ ድምፅህን ሳታሰማት ቆይ፣ ያኔም ልብህ ካልተመለሰ እሰማሃለሁ ብለውት። ምክንያቱን እንዳይነግራትም ጭምር አስምለውታል። አባትየው ወረት ነው፣ ያልፍለታል ብለው ነበር። ልጁ ግን ቃሉን ጠብቆ፣ ያላለፈለት ልቡን ይዞ ተመለሰ። አባቱ ከስብሰባው በኋላ በድንገት እሺ ሲሉት ለምን ብሎ አልጠየቀም። የተራበ ሰው እንጀራው ከየት መጣ ብሎ ይጠይቃል? አንስቶ ሮጠ።

«አንቺ ካባረርሽው በኋላ ነው የነቃው» አለች አክስት ሙይ።

ስም ዝርዝሩ ሊጻፍ ሁሉም በተሰበሰበበት ቲን ሎክ ተነሥቶ ቆመ። የተናገረውንም አክስት ሙይ ቃል በቃል ይዛዋለች።

«የጋብቻ ጥያቄዬን አንሥቻለሁ። ሱት ዪንግን የምፈልጋት ጀልባ ኖረም አልኖረም ነው፤ ጀልባው በመካከላችን እስካለ ድረስ ግን አልጠይቃትም። እንድትመራ ከፈለጋችሁ ሎ ሱት ዪንግ ተብላ፣ በራሷ ስም ትጠየቅ። ካልሆነ የእኔንም ስም ሰርዙት።»

አባቱ «ይሰረዝ» አሉ። ከበሮ መቺ እንዲሆን የታጨው ቲን ሎክ የከበሮውን ዱላዎች በአባቶች መሠዊያ ፊት አስቀምጦ ወጣ። ይህን ጊዜ አክስት ሙይ ተነሣችና መቅዘፊያዋን ከዱላዎቹ ጎን አጋደመች። ቀጥሎ ምራቷ፣ ቀጥሎ የዳቦ ጋጋሪው ሚስት፣ ቀጥሎ የቀሩት ሴቶች በሙሉ። ወንዶቹ ተያዩ። ደንቡ ስምንት ሴት ይላል፤ ከስምንት አንዲት ብትጎድል የሃ ዋይ ዘንዶ ዘንድሮ ውሃ አትነካም።

«ያን ደንብ የጻፈው ሰው ዕድሜው ይርዘም» አለች አክስት ሙይ። «ወንድሜን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ አጥቶ አየሁት።»

ሱት ዪንግ ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረች። አክስት ሙይ የተቆጣችባት መሰላት። ሱት ዪንግ ግን አልተቆጣችም። እነዚያን ሁሉ ወራት በክፉ የተረጎመችውን ዝምታ እንደገና ከመጀመሪያው እያነበበችው ነበር፤ በየመሥመሩም የተጻፈው የራሷ ስም ሆኖ አገኘችው።

በሚቀጥለው ጠዋት ከተሳፋሪዎቹ ኋላ ቾይ ቢንግ ፋይ ቆመው ነበር። እኚህ ሰው በውሃ ሰው ጀልባ ላለመሳፈር ዕድሜያቸውን ሙሉ በሩቁ ድልድይ የሚዞሩ ናቸው። እግራቸውን ሲያነሡ ጀልባዋ ተወዛወዘች፤ ሊወድቁ ሲሉ የሱት ዪንግን ክንድ ያዙ። ደግፋ አስቀመጠቻቸው። ወንዙ መካከል ሲደርሱ ወደ እሷ ዞሩ።

«ሙሽራ ልጠይቅ አልመጣሁም» አሉ ከዚያ። «ይህን የአንቺና የእሱ ነገር አድርጉት። እኔ የመጣሁት መሪ ልጠይቅ ነው። በስምሽ ትጻፊያለሽ፤ ሎ ተብለሽ።»

«አዳራሹስ ምን ይላል፣ አጎቴ?»

«አዳራሹ ትናንት ማታ እጅ አውጥቶ ደንቡን ቀይሯል። የመጨረሻዋ እጅ የእኔ ነበረች።» ወደ ውሃው ተመለከቱ። «ቀላል እጅ አልነበረችም።»

ሱት ዪንግ ይህች ቀን ብትመጣ ደስታዋ ወሰን የሚያጣ ይመስላት ነበር። አሁን ግን የምታየው የጀልባዋን ጠርዝ አጥብቀው የያዙ፣ ጣቶቻቸው ነጭ የሆኑ አንድ አዛውንት ነው። የዚህን ጉዞ ርዝመት ከእሳቸው በቀር ማንም እንደማያውቀው ተሰማት። እሺ እመራለሁ አለቻቸው፤ አንድ ነገር ግን ጠየቀች፤ ውድድሩ እስኪያልቅ ድረስ ማንም ስለ ጋብቻ አንዲት ቃል እንዳይተነፍስ፤ ቲን ሎክም ጭምር።

«እሱማ ቀድሞሽ ምሏል» አሉ ቢንግ ፋይ፤ ከንፈራቸው ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር ታየ። ሲወርዱ ክንዷን ለመያዝ አላፈሩም፤ ያ ንክኪ ቀኑን ሙሉ ከክንዷ ላይ አልጠፋም።

የመጀመሪያው ልምምድ ግን መሳቂያ አደረጋት። የለመደችው ትንሽ ጀልባ ነው፤ ዘንዶዋ ደግሞ እንደ መንገድ ረዝማ አትታዘዝም። ገና ከመነሣታቸው የዘንዶዋን ራስ የዳር ሙዝ ተክል ውስጥ ሰካችው።

«ሙዝ ልንሸምት ከሆነ ቅርጫት እንያዝ ነበር» አለች አክስት ሙይ፤ ጀልባዋ በሳቅ ተናጠች። አዛውንቱ ፉክ ጥቁር መነጽራቸውን አድርገው ዳር ላይ ተቀምጠው የቅዘፋውን ድምፅ ያዳምጡ ነበር። አንዴ ጠርተው እንዲህ አሏት፤ «ዘንዶ ረጅም ነው ልጄ። አሁን የነገርሽው ቆይቶ ነው የሚሰማው። ቀድመሽ ንገሪው፣ ከዚያ እመኚው።»

ከበሮ መቺ ከጀልባዋ ራስ ላይ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ይቀመጣል። መሪ ደግሞ ከጭራዋ ላይ ፊቷን ወደ ፊት አድርጋ ትቆማለች። ቀዛፊዎቹ በሙሉ ለመሪዋ ጀርባቸውን ሰጥተዋል፤ ስለዚህ በዚያች ረጅም ጀልባ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚተያዩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ቲን ሎክ መሐላውን ጠበቀ፤ በልምምዱ ሁሉ አንዲት ቃል አልተናገራትም። ከበሮው ግን ይናገር ነበር። ሲደክማት ይረጋላታል፤ ስትደፍር ይደፍራል። ዓይኖቹ ከሃያ ራሶች በላይ ተሻግረው ይጠብቋታል፤ ስትመለከተው ግን ቶሎ ወደ ከበሮው ይመለሳሉ። ሱት ዪንግ ይህን ሽሽት ከየትኛውም ንግግር አብልጣ ወደደችው።

በጨረቃ አቆጣጠር በአምስተኛው ወር አምስተኛ ቀን፣ በዘንዶዋ በዓል ዕለት፣ የወረዳው ወንዝ ዳር በሰው ተጨናነቀ። አክስት ሙይ የዋና ፈተናውን እየተሳደበችም ቢሆን አልፋ፣ ቀይ ሰደርያዋን ለብሳ በግራ በኩል ተቀምጣለች። ከውድድሩ በፊት ዳኛው የየጀልባውን አለቃና መሪ ሰብስበው ደንቡን ደገሙ፤ እያንዳንዱ በመሥመሩ ይሄዳል፤ ሁለት ጀልባ ከተቃረበ ግጭት የማስቀረት ኃላፊነት የመሪዎቹ ነው።

የማስጀመሪያው ተኩስ ተሰማ። ሃያ መቅዘፊያ አንድ ሆኖ ውሃውን መታው። ከግማሽ መንገድ በላይ የሃ ዋይ ዘንዶ ሁለተኛ ሆና፣ ከፊተኛዋ ጋር አንገት ለአንገት ተያይዛ ትሄድ ነበር። ድንገት በግራ በኩል ከኋላ የምትከተል ቀይ ጀልባ መሥመሯን ለቃ ወደ እነሱ ታጋድል ጀመር። መሪዋ የተደናገጠ ወጣት ነው፤ መቅዘፊያው ከእጁ ሊያመልጥ ይታገላል።

መሥመሩ የሃ ዋይ ነው። ሱት ዪንግ ብትጸና በደንቡ ጥፋተኛዋ ቀይዋ ናት። የቀይዋ ራስ የሚያርፈው ግን በግራ በኩል ከተቀመጡት ሴቶች ጎድን ላይ ነው። ሱት ዪንግ ቀና ብላ ቲን ሎክን አየችው። እሱም የሚመጣውን አይቷል። መሥመርሽን ያዥ ሊላት፣ ልቀቂላቸው ሊላት ይችል ነበር። አንድም አላለም። ዓይኑን ከእሷ ሳያነሳ ምቱን እኩል አድርጎ ያዘ፤ ያንቺ ነው፣ ያልሽው ይሁን እንደማለት።

በመላ ሰውነቷ የመሪውን መቅዘፊያ ገፋችው። ዘንዶዋ ዘግይታ፣ ግን ታዝዛ ወደ ቀኝ ታጠፈች። የቀይዋ ጀልባ ራስ የአክስት ሙይ መቅዘፊያ በነበረበት ውሃ ላይ አለፈ። ፍጥነታቸው ሞተ፤ ሌላ ጀልባ ቀደማቸው። ከበሮው ግን አልሞተም፤ እንደ ልብ ምት ከሥር ተነሣ፤ እጆቹም ተከተሉት። ሃ ዋይ ሦስተኛ ሆና ገባች። ሱት ዪንግ እያለቀሰች መሆኑን ያወቀችው ቀዛፊዎቹ ዞረው ሲያዩዋት ነው።

ከወንዙ ዳር የሚያጉረመርሙ አልጠፉም፤ ብትጸና ኖሮ ዋንጫው የእኛ ነበር የሚሉ። ቢንግ ፋይ ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ውሃ ገብቶ የዘንዶዋን አንገት ይዘው ቆሙ።

«ሃያ ሁለት ሰው ልኬ ሃያ ሁለት ሰው ተመልሶልኛል» አሉ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «መሪ ማለት ይህ ነው።» ከዚያ በኋላ የሚያጉረመርም ሰው አልተሰማም።

ቀዛፊዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ቲን ሎክ ከከበሮው አልተነሣም፤ ሱት ዪንግም ከመሪው አልተለየችም። በመካከላቸው ባዶ መቀመጫዎች ቀሩ።

«ውድድሩ አልቋል» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ፈርቼ» አላት። «ባለፈው ስጠይቅሽ በአባቴ እሺታ ተማምኜ ነበር። አሁን የምተማመንበት ምንም የለኝም።»

ሱት ዪንግ ሳቀች፤ ገና እንባዋ ሳይደርቅ። «ና ቅረብ። ከዚያ ሆነህ መንደሩን ሁሉ ነው የምታሰማው።»

ተነሥቶ መቀመጫዎቹን አንድ በአንድ እየተሻገረ መጣ፤ ጀልባዋ በየእርምጃው ተወዛወዘች። ፊት ለፊቷ ሲቆም መዳፉ ከዱላው የተነሣ ውሃ ቋጥሮ ነበር። እጁን በእጇ ላይ አደረገች፤ የእሷም መዳፍ ከእሱ የተሻለ አልነበረም።

«ሱት ዪንግ፣ ታገቢኛለሽ?»

«አዎ» አለችው። «ግን በአባቴ ፊት ደግመህ ትጠይቀኛለህ። በቀን ብርሃን፣ ከአባትህ ጋር።»

ቲን ሎክ ሊመልስላት ሲል ዓይኑ ከትከሻዋ ኋላ የሆነ ነገር አየ። እሷም ዞረች። ቢንግ ፋይ የረጠበ ሱሪያቸውን እየጎተቱ፣ ውድድሩን ሊያዩ የመጡት ሎ ካን ጀልባቸውን ወዳሰሩበት ቦታ እየሄዱ ነበር። ዳሩ ላይ ደርሰው ቆሙ፤ ሰው ቤት ደጃፍ እንደቆመ እንግዳ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ተናገሩ። ምን እንዳሉ ከዚያ ርቀት አይሰማም። አባቷ ግን መረባቸውን አስቀምጠው ብድግ ሲሉ፣ እጃቸውንም ዘርግተው ወደ ጀልባቸው ሲስቧቸው፣ ከጎናቸው ቦታ ሲለቁላቸው አየች።

 ሱት ዪንግ በቲን ሎክ ትከሻ ላይ ተደገፈች፤ ሳቋም ልቅሶዋም አንድ ላይ መጣባት፤ ሁለቱንም ለመደበቅ አልሞከረችም።